የኩዌሪ ፕላነር ኮድ ስትመረምሩ መጀመሪያ የትኛውን ፋይል ትከፍታላችሁ? (ክሩ ከነመልሶቹ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ ደብረ ብርሃን ጥቂት ልጆች ሆነን ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚሆን አነስ ያለ የዳታቤዝ ሞተር እየሠራን ነው፣ የኔ ድርሻ ሌሎቹ የጻፉትን ኮድ ማየት ነው፣ አሁን ደግሞ የኩዌሪ ፕላነሩ ተራ ደርሷል፣ ማለትም ለዳታቤዙ የቀረበ ጥያቄ (ኩዌሪ) በየትኛው መንገድ እንደሚመለስ የሚወስነው ክፍል። ይዤ የመጣሁት ሀሳብ አንድ ነው፣ ፕላነር የሚመረምር ሰው ኮስት (አንድ መንገድ የሚጠይቀው የሥራ ግምት) የሚሰላበትን ፋይል መጀመሪያ ባይከፍት ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሁሉም ሰው ግን ዘሎ የሚገባው እዚያ ነው፣ ቁጥር ስላለበት መሰለኝ፣ ቁጥር ደግሞ ለመከራከር ይመቻል። እኔ የምለው መጀመሪያ ኩዌሪውን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ የሚገለብጠው ክፍል ይከፈት፣ ማጣሪያን ወደ ታች፣ ቴብሉ ወደሚነበብበት ቦታ የሚያወርደው፣ ንዑስ ኩዌሪን (ኩዌሪ ውስጥ ያለ ኩዌሪን) ወደ ጆይን (ቴብሎችን ማያያዣ) የሚቀይረው፣ አውተር ጆይንን (ተጓዳኝ የሌለውን ረድፍም ይዞ የሚያቆየውን) ወደ ተራ ጆይን የሚያወርደው። ለምን ብትሉ ኮስቱ ቢሳሳት ኩዌሪው ይቀረፈፋል፣ ቀርፋፋ ኩዌሪ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም፣ ሰዉ ስልክ እየደወለ ይነግርሃል። የተሳሳተ መልስ ግን ሪፖርት ላይ ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ይሄዳል።

አንድ ላሳያችሁ። አባላት የሚል ቴብል ውስጥ 3 ሰው አለ፣ 1 ቁጥር ከአንኮበር፣ 2 ቁጥር ከአንጎለላና ጠራ፣ 3 ቁጥር ከሞጃና ወደራ። ብድር የሚለው ቴብል ውስጥ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ የ1 ቁጥሩ። አባላትን ከብድር ጋ በሌፍት ጆይን (የግራውን ቴብል ረድፍ ሁሉ የሚያቆይ አውተር ጆይን) አያይዘን፣ ኦን ላይ (የማያያዣው ሁኔታ የሚጻፍበት) የአባል ቁጥሩ እኩል ይሁን፣ ወረዳውም አንኮበር ይሁን ብንል ትክክለኛው መልስ 3 ረድፍ ነው፤ የአንኮበሩ ከነብድሩ፣ ሁለቱ ደግሞ የብድሩ ቦታ ኑል (ዋጋ የሌለው ባዶ) ሆኖ። ፕላነሩ ግን ወረዳው አንኮበር ይሁን የሚለውን ይዞ ወደ አባላት ስካን (ቴብሉ ወደሚነበብበት) ቢያወርደው 1 ረድፍ ብቻ ይመጣል። ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም፣ እንዲያውም ከትክክለኛው ፈጥኖ ነው የሚመልሰው። ያው ማጣሪያ ዌር (ውጤቱ የሚጣራበት የኩዌሪው ክፍል) ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማውረዱ ፍጹም ትክክል ነበር፣ ልዩነቱ የተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው፣ ኮዱ ውስጥ ደግሞ ይሄ ልዩነት አንዲት ኢፍ ነች። ያቺ ኢፍ ብትረሳ ማንም አያውቅም።

እናንተስ ከየት ትጀምራላችሁ? ብዬ ለጠፍኩ። ክሩ በጣም ስለረዘመ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲቀል መልሶቹን በተራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

መልስ 1 የመጣው መሐል ሜዳ ካለ ልጅ ነው። ሰላምታውን አስቀደመ፣ ሀሳቤን ደገፈ፣ በላዩ ላይ ኖት ኢንን (በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ የሚለውን) ጨመረ። ቁጥራቸው ብድር ቴብል ውስጥ የሌለ አባላትን በኖት ኢን ስንጠይቅ ብድር ውስጥ የአባል ቁጥሩ ኑል የሆነ አንድ ረድፍ እንኳ ካለ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው) ሕግ የሚለው ምንም ረድፍ አይምጣ ነው፣ ምክንያቱም 2 ከኑል ይለያል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይታወቅም ነው፣ አይታወቅም ደግሞ በዌር አያልፍም። ፕላነሩ ይሄንን ወደ አንቲ ጆይን (ተጓዳኝ የሌላቸውን ብቻ የሚያመጣ) ከቀየረው ግን 2 ቁጥርና 3 ቁጥር ይመጣሉ። ሰው ሲያየው የአንቲ ጆይኑ መልስ ነው ትክክል የሚመስለው፣ ለዛ ነው ሪቪው (የኮድ ምርመራ) ላይ የሚያልፈው ብሎ ጻፈ፣ በጣም ትክክል ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ኖት ኤግዚስትስን (ተጓዳኝ የለም የሚለውን) ወደ አንቲ ጆይን እየቀየረ ኖት ኢንን ግን ለረጅም ዘመን ሳይነካ የኖረው ለዚሁ ሲባል እንደሆነም አስታወሰ።

መልስ 2 አጭር ነች፣ ፖስትግሬስም ኤስኪውላይትም በነፃ እያሉ ምን አደከማችሁ የሚል መንፈስ ያላት። በትሕትና ነው የጠየቀው ስለዚህ መልስ 3 ላይ በትሕትና መለስኩለት፣ ፕላነር ከውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የምንፈልገው ሠርተነው እንደሆነ፣ እነዛን ሁለቱንም አልተውናቸውም፣ አንዱን ኩዌሪ ለሦስቱም እየሰጠን መልሳቸውን እናመሳክራለን አልኩት። ሦስቱ ሲለያዩ የት እንደምናይ እናውቃለን።

መልስ 4 ላይ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጋሼ ገቡ። እሳቸው የጻፉትን ሁሉም ሰው ተረጋግቶ እንዲያነበው እመኛለሁ። ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት፤ በፈረንጅ 1979 የአይቢኤም የሙከራ ዳታቤዝ ሲስተም አር ላይ ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ በኮስት የሚመርጥ ፕላነር አሠራርን ያወጡ ጊዜ፣ 10 ቴብል ለማያያዝ የሚቻለው ቅደም ተከተል ብቻ 3,628,800 ስለሆነ ሁሉንም ሳይሞክሩ እንዴት እንደሚመረጥ ነበር ጭንቁ። ከዚያ ዎን ኪም በ1982 ንዑስ ኩዌሪን ፈትቶ ወደ ጆይን የሚቀይር ዘዴ አወጣ፣ ትልቅ መጽሔት ላይ፣ አዋቂዎች አይተውት። እዚያ ውስጥ ግን ዛሬ የካውንት ባግ (የመቁጠር ስህተት) የሚባለው ነገር ነበረበት። ጋሼ የኔን ቴብሎች ወስደው ነው ያስረዱት፦ እያንዳንዱ አባል ላይ የብድር ብዛት የሚል ኮለም አለ እንበል፣ የተጻፈው ብዛት ብድር ቴብል ውስጥ ተቆጥሮ ከሚገኘው ጋ እኩል የሆኑትን አባላት አምጣ ስንል፣ ያልተበደረና 0 የተጻፈበት ሰው መምጣት አለበት፣ 0 ከ0 ጋ እኩል ነዋ። የኪም ዘዴ ግን ብድሮቹን አስቀድሞ በግሩፕ ባይ (በየአባሉ መድቦ) ቆጥሮ ከዚያ ነው ከአባላት ጋ የሚያያይዘው፣ ያልተበደረ ሰው ግሩፕ የለውም፣ ግሩፕ ከሌለው 0 የሚል ቁጥርም አይወጣለትም፣ ስለዚህ ሰውየው ከመልሱ ይጠፋል። በ1987 ጋንስኪና ዎንግ በአውተር ጆይን አቃኑት። ጋሼ ሊሉ የፈለጉት፣ በዚያ ደረጃ ያሉ ሰዎች አይተውት ያለፈ ነገር እኛም እጅ ላይ ሊያልፍ እንደሚችልና፣ ንዑስ ኩዌሪ የሚፈታ ኮድ ስናይ ሁልጊዜ ባዶ ግሩፕ ሲመጣ ምን ይሆናል ብለን እንድንጠይቅ ነው።

መልስ 5 ላይ ቃናው ተቀየረ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ኑል ኑል ስትሉ ትውላላችሁ እኔን በሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ የሚያውቀው ኑል ሳይሆን የተሳሳተ የረድፍ ግምት ነው ዓይነት ነገር ጻፈ፣ ትንሽ መረር አድርጎ። የወር መጨረሻ ሪፖርት ነው የነገረን። ዌር ላይ ክልል፣ ዞን እና ወረዳ ሦስቱም ተጽፈዋል፣ ባሶና ወራናን ነው የሚፈልገው። ፕላነሩ ሦስቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም ብሎ ያስባል፣ ክልሉ ከ4 ረድፍ 1፣ ዞኑ ከ40 1፣ ወረዳው ከ800 1 ከሆነ ሁሉንም አባዝቶ ከ128,000 ረድፍ 1 ብቻ ይመጣል ይላል። ቴብሉ ላይ 800,000 ረድፍ ካለ ፕላነሩ የሚጠብቀው 6 ረድፍ ነው፣ በእውነት የሚመጣው ግን 1,000፣ ምክንያቱም ወረዳው ከታወቀ ዞኑ ታውቋል፣ ዞኑ ከታወቀ ደግሞ ክልሉ ታውቋል። 6 ረድፍ ነው ብሎ ነስትድ ሉፕ (ለእያንዳንዱ ረድፍ ሌላውን ቴብል እየዞሩ መፈለግ) ይመርጣል፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ጆይን ሲመጣ ስህተቱ በስህተት ላይ እየተባዛ ይሄዳል፣ በደቂቃ የሚያልቀው ሪፖርት ሌሊቱን ሲፈጭ ያድራል። ስለዚህ የሱ መልስ መጀመሪያ የሚከፈተው የግምት ፋይሉ ነው የሚል ነው።

መልስ 6 ጨዋ እርማት ነው። ያ ችግር ፖስትግሬስ ላይ ከ10ኛው ቨርዥን ማለትም ከ2017 ጀምሮ ክሪኤት ስታቲስቲክስ በሚባለው ትእዛዝ እንደሚቃለል፣ ሁለት ሦስት ኮለሞች እንደሚተሳሰሩ ለፕላነሩ መንገር እንደሚቻል ጻፈ። ከዚህ ጋ አያይዞም ይሄ የመረጃ እጥረት እንጂ የኮድ ባግ አይደለም፣ ሪቪው የሚያደርግ ሰው ሁለቱን መለየት አለበት አለ። በዚህ እስማማለሁ።

መልስ 7 ደግሞ ጨዋ ያልሆነ እርማት ነው፣ ግን ቁም ነገር አለው። የ5ቱ ሰውዬ ዞኑ ከታወቀ ክልሉ ታወቀ ብሎ መነሳቱን ይዞ፣ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አማራ ክልል ውስጥም ኦሮሚያ ክልል ውስጥም እንዳለ፣ የአንዱ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን የአንዱ ፍቼ መሆኑን፣ የሸዋ ልጅ ሆኖ ይሄን መርሳት እንዴት እንደተቻለው ጠየቀው። አነጋገሩ አስፈላጊ አልነበረም። ነገሩ ግን ወርቅ ምሳሌ ነው፦ ፕላነራችን ውስጥ አንድ ኮለም ሌላውን ይወስናል ተብሎ በእርግጠኝነት የተጻፈ ነገር ካለ፣ ዳታው ላይ ያንን የሚያፈርስ አንድ ስም ይበቃል። ያንን ለግምት ብቻ ከተጠቀምንበት ቢበዛ ዘገየን። አንዱን ማጣሪያ ትርፍ ነው ብለን ካወጣነው ግን የፍቼ ሰው ደብረ ብርሃን ሪፖርት ላይ ይመጣል። እኔ የምለው ልዩነት ይሄ ነው፣ መልስ 8 ላይ ይሄንኑ ጻፍኩ።

መልስ 9 የ5ቱ ሰውዬ ነው፣ ተቆጥቷል። እነሱ ዞን በስም ሳይሆን በኮድ እንደሚያስቀምጡ፣ ስሙን ለማስረዳት ብሎ እንደተጠቀመው፣ ትምህርት ከማያውቀው ሰው እንደማይፈልግ። ከ10 እስከ 12 ያሉት መልሶች ወደ ወሰንና ወደ ፖለቲካ ሄዱ፣ አድሚኑ ሁለቱን አጠፋቸው፣ ሦስተኛውን አስጠነቀቀው። ከነሱ ውስጥ የሚነገር የለም።

መልስ 13 ላይ አንዲት የአረርቲ እህት ክሩን መለሰችልን፣ እግዜር ይስጣት። የሷ ጉዳይ ቀን ነው። የምትሠራበት ቦታ ቀኑን በኛ አቆጣጠር እንደ አንድ ሙሉ ቁጥር ነው የሚያስቀምጡት፣ ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ማለት 20161305፣ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2017 ማለት 20170101። ለሰው የአንድ ቀን ልዩነት ነው፣ ለፕላነሩ ግን በመሀላቸው 8,796 አለ። ሂስቶግራሙ (ዳታው እንዴት እንደተበተነ የሚያሳየው ማጠቃለያ) ውስጥ አንዱ ባልዲ (ክፍልፋይ) አዲስ ዓመቱን ተሻግሮ ከወደቀ ፕላነሩ በመሀሉ ዳታ የተዘረጋ ይመስለዋል፣ ከጳጉሜ 1 እስከ መስከረም 5 ያለውን አምጣ ሲባል ያለውን ረድፍ አብዝቶ ይገምታል፣ ኢንዴክሱን (ማውጫውን) ትቶ ቴብሉን ሙሉ ይቃኛል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ብቻ ሲስተሙ ለምን እንደሚከብድ ማንም ሳያውቅ ቆይቶ እሷ ናት ያገኘችው። መፍትሔዋ ቀኑን በዴት ታይፕ (ዳታቤዙ ራሱ በሚያውቀው የቀን ዓይነት) አስቀምጦ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደኛ መቀየር ነው።

መልስ 14 ሠራተኛው የሚያስገባው በኛ አቆጣጠር ስለሆነ መቀየሩ ራሱ ሌላ ስህተት ይወልዳል ብሎ ተከራከረ፣ መልስ 15 መቀየሪያው አንድ ቦታ ተጽፎ አንዴ ከተፈተነ የሚወልደው ነገር እንደሌለ መለሰ፣ ከዚያ መልስ 16 ላይ አንዱ የብድር ወለድ ጳጉሜ ላይ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም የሚል ጥያቄ ወረወረና ክሩ ለረጅም ጊዜ በዚያ ሄደ። የማኅበር ገንዘብ ያዥ የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ ገብተው ነው የተከራከሩት፣ አንዱ ማኅበር በቀን ያስባል አንዱ በወር፣ በወር የሚያስበው ጳጉሜን ይዘላል። ለፕላነር ምንም አይጠቅምም ለኛ ሥራ ግን ጠቅሞናል፣ ማስታወሻ ይዣለሁ። መልስ 21 መብራት ሊሄድ ስለሆነ ኋላ እመለሳለሁ ብሎ የወጣ ሰው ነው፣ መልስ 22 ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ኮድ የሚጽፍ ሰው ጣቱ እንዴት እንደሚታዘዝለት የጠየቀ የምንጃር ልጅ፣ እነሱ ከኛ የሞቀ አገር ስለሆኑ ይገርማቸዋል።

መልስ 23 ወደ ጉዳዩ ተመለሰ፣ የመሐል ሜዳው ልጅ ነው እንደገና። ሪቪው በዓይን ብቻ እንደማይበቃ፣ በ2020 ማኑኤል ሪገርና ዠንዶንግ ሱ ኤስኪውኤላንሰር በሚባለው የዳታቤዝ መፈተሻ መሣሪያቸው ያሳዩትን መንገድ ለራሳችን ሞተር መጻፍ እንደምንችል አስረዳ። እኔ ስለመሣሪያው ሰምቼ ነበር ሀሳቡ ግን እንዲህ ቀላል መሆኑን ያየሁት በሱ አነጋገር ነው። ማንኛውም ሁኔታ ለአንድ ረድፍ ወይ እውነት ነው፣ ወይ ሐሰት፣ ወይ አይታወቅም፣ አራተኛ የለም። ስለዚህ አንዱን ኩዌሪ መጀመሪያ ያለ ዌር አስኬደው፣ ከዚያ በሁኔታው፣ ከዚያ በሁኔታው ተቃራኒ፣ ከዚያ ሁኔታው ኑል ሲሆን፣ የሦስቱ ድምር ከመጀመሪያው ጋ ካልተካከለ ፕላነሩ ዋሽቷል። ትክክለኛው መልስ ስንት እንደሆነ ማወቅ እንኳ አያስፈልግህም። ሌላው መንገዳቸው ሁኔታውን ከዌር አውጥቶ ሰሌክት (የሚመጡት ኮለሞች የሚዘረዘሩበት) ውስጥ መክተት ነው፣ እዚያ ሲሆን ፕላነሩ ኢንዴክስም ሊጠቀምበት ወደ ታችም ሊያወርደው አይችልም፣ እውነት የሆኑትን ቆጥረህ በዌር ከመጣው ጋ ታመሳክራለህ።

መልስ 24 የሸዋ ሮቢቱ ነው፣ ቁጣው በርዶለታል። ፖስትግሬስ ላይ ሦስቱን የማያያዣ ዘዴዎች፣ ሃሽ ጆይንን፣ መርጅ ጆይንን፣ ነስትድ ሉፕን አንድ በአንድ እያጠፉ ያንኑ ኩዌሪ ማስኬድ እንደሚቻል፣ እኛም ፕላነራችን ላይ እንዲህ ያለ ማጥፊያ ካልጻፍን አንዱን ፕላን ከሌላው ማመሳከር እንደማንችል ነገረን። ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው፣ በነጋታው ነው ያስገባነው። እግረ መንገዱን የረድፍ ግምት 0 እንዲሆን ፈቅደን እንደሆነ ጠየቀ፣ 0 ከሆነ በላዩ ያለው ሁሉ ሲባዛ 0 ስለሚሆን ከሁሉ የከፋው ፕላን ነፃ መስሎ ይታያል፣ ፖስትግሬስ ከ1 በታች እንዳይወርድ የሚይዘው ለዚህ ነው። አየሁት፣ የኛው አልያዘውም ነበር።

መልስ 25 ይሄ ሁሉ ፍተሻ ካለ ሰው ኮዱን ለምን ያነባል የሚል ነው። ጋሼ መልስ 26 ላይ ፍተሻው ያልደረሰበትን መንገድ የሚያውቀው ኮዱን ያነበበ ብቻ እንደሆነ አጭር አድርገው መለሱ፣ ምሳሌም ሰጡ፦ መርጅ ጆይን የሚሠራው ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከመጣ ነው፣ ፕላነሩ ከሥር ያለው ተደርድሯል ብሎ ካመነ ሶርት አይጨምርም፣ ኢንዴክሱ ኑልን መጀመሪያ፣ ሌላው ወገን መጨረሻ የሚያደርግ ከሆነ ረድፎች ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። ይሄ በነሲብ በተፈጠረ ትንሽ ቴብል ላይ ሁልጊዜ መርጅ ጆይን ስለማይመረጥ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ 27 እና 28 የመንዝ በግ ስንት እንደገባ ነው፣ በዓል ስለቀረበ ይቅር ይባላል።

መልስ 29 ላይ የመሐል ሜዳው ልጅ ያለውን ሠርቶ መጣ። ያጋራሁትን ኮድ አውርዶ፣ እዚያው አባላትና ብድር ላይ፣ ኦን ላይ የአባል ቁጥር ብቻ አድርጎ ሌፍት ጆይኑን አስኬደ፣ 3 ረድፍ። ሁኔታው ኬዝ (እንዲህ ከሆነ ይሄ፣ ካልሆነ ያ የሚል አገላለጽ) ነው፣ የብድሩ ቁጥር ኑል ከሆነ 1 ካልሆነ 0፣ እሱ ከ1 ጋ እኩል ይሁን። መምጣት የነበረበት 2 ረድፍ ነው፣ የኛ ሞተር 0 መለሰ። ተቃራኒው 1፣ ኑል 0፣ ድምሩ 1፣ ከ3 ጋ አይገጥምም። የጠፋው የት እንደሆነም አመለከተ፣ ሌፍት ጆይንን ወደ ተራ ጆይን የሚያወርደው ክፍል ዌር ላይ የቀኙ ቴብል ኮለም በእኩል ይሁን ውስጥ ካየ በቃ ኑል አያልፍም ብሎ ይደመድማል፣ ኬዝ ውስጥ ይሁን ኮዋለስ (ኑልን በሌላ ዋጋ የሚተካ) ውስጥ አይጠይቅም። ኤስኪውላይትም በ2018 በ3.23.0 ይሄንኑ ማሻሻያ እንዳስገባ አስታውሶ፣ ማሻሻያው ራሱ ጥሩ መሆኑን፣ አስቸጋሪው አንድ አገላለጽ ኑልን በርግጥ ይጥላል ወይ የሚለውን የሚወስነው ፈንክሽን መሆኑን ጻፈ።

መልስ 30 የኔ ነው፣ አመሰገንኩት፣ ያቀረብኩት ማስተካከያ ፈንክሽኑ የማያውቀውን አገላለጽ ሁሉ ኑል ሊያልፍ ይችላል ብሎ እንዲይዝ፣ ኑል ሲገባ ኑል መውጣቱ የተረጋገጠውን ብቻ፣ መደመርን፣ መቀነስን፣ ማነጻጸሪያዎችን፣ በስም እንዲፈቅድ ነው።

መልስ 31 የሸዋ ሮቢቱ፣ እንዲህ ከጠበቀ ስንት ኩዌሪ ተራ ጆይን መሆን ሲችል ሌፍት እንደሚቀር፣ የጆይኖቹን ቅደም ተከተል መቀያየሩም እንደሚታገድ፣ ሪፖርቶቹ ላይ ሳይለካ እንዳይገባ ጠየቀ። መልስ 32 የአረርቲዋ እህት፣ መለካቱ ይለካ ግን ማስተካከያው መጀመሪያ ይግባ፣ አሁን ያለው 2 ረድፍ እያጠፋ ነው አለች። እኔ ከሷ ጋ ነኝ። ማስተካከያው ገብቷል፣ ልኬቱን የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን በሱ ዳታ ሊሠራው ተስማምቷል፣ ሎወርና ትሪም (ፊደልን ወደ ትንሹ የሚቀይረውና ከጫፍ ባዶ ቦታ የሚቆርጠው) የተፈቀዱት ውስጥ ይግቡ ወይስ ይቆዩ የሚለው ግን ገና ክርክር ላይ ነው፣ ጋሼ ይግቡ ባይ ናቸው።